የጠዋት ጣጣ፦ የአሮጌ መኪና አውቶማቲክ ቾክ

ደሴ ላይ ለመኪና ባለቤቶችና ለጀማሪ መካኒኮች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር አፍ ላይ ስለምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ክዳን፣ ስለ ቾክ ነው። በእሷ የተነሳ ደሴ ውስጥ ጠዋት ጠዋት መኪና ሲገፋ አይታችኋል። ራሳችሁም ገፍታችኋል።

ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልናገር። የአውቶማቲክ ቾክ ብልሽት የጠዋት ብልሽት ነው። መኪናው ጋራዥ የሚደርሰው ግን ረፋድ ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ ነው። ያን ጊዜ ቾኩ ሥራውን ጨርሷል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ የሚሰማው ደህና የሚሠራ ሞተር ነው። ምን ያድርግ? ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ይቀይራል። የካንዴላውን እሳት ጊዜ የሚወስነውን ፑንቲና ያስተካክላል። ካርቡሬተሩን ፈትቶ ያጥባል። ብር ይወጣል፣ ቀን ይባክናል። በማግስቱ ጠዋት ግን ያው ነው። መካኒኩን ብቻ መውቀስ አይገባም። ያላየውን ብልሽት ከየት ያመጣዋል? ማየት የሚችለው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ቾክን በቀዝቃዛ ሞተር እዩት። ካርቡሬተሩ ከመፈታቱ በፊት እዩት። ዛሬ የመጣሁት ይህን ልለምናችሁ ነው።

እኛ አገር ጉዳዩ የሚብስበት ምክንያት አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። በመሃል የሐረጎ ቁልቁለት አለ። ከጦሳ ተራራ ሥር በኅዳር ውርጭ የተነሳ መኪና ሐረጎን ወርዶ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሙቀት ውስጥ ይገባል። ወደ ባቲ ከቀጠለማ ቆላ ነው። ማታ ተመልሶ ደሴ ብርድ ላይ ያድራል። አውቶማቲክ ቾክ የተሠራው ለእንደዚህ ዓይነት ኑሮ ነው። ብርዱንና ሙቀቱን ራሱ እያየ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሲበላሽም ጉዳቱ በሁለቱም በኩል ነው። ደሴ ላይ አላስነሳም ይላል፣ ኮምቦልቻ ላይ ቤንዚን ይጠጣል።

አሁን ሥራውን እንይ። ቤንዚን የሚቃጠለው ተንኖ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ነው። ሞተሩ ሲሞቅ በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 15 እጅ ገደማ አየር ይበቃል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ግን ከካርቡሬተሩ የወጣው ቤንዚን ሁሉ ሲሊንደር አይደርስም። የድስት እንፋሎት ቀዝቃዛ ክዳን ሲነካ ወደ ውሃ እንደሚመለስ፣ ቤንዚኑም የቀዘቀዘ ብረት ሲያገኝ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየሩ ነው፣ ቤንዚኑ ያንሳል። ስለዚህ ቾኩ ከላይ ያለውን የአየር መግቢያ ይዘጋል። አየር ሲጠበው ሞተሩ ቤንዚኑን በኃይል ይስባል። ቅልቅሉ ይወፍራል፣ ሞተሩ ይነሳል።

በድሮው መኪና ይህን የሚያደርገው ሹፌሩ ነበር፣ ዳሽቦርድ ላይ ያለችውን እጀታ ጎትቶ። በአውቶማቲኩ ሥራውን የሚሠራው አንድ የተጠቀለለ ስፕሪንግ ነው። ስፕሪንጉ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ነው። ሲሞቁ አንዱ ከሌላው በላይ ይረዝማል። ስለዚህ ስፕሪንጉ በሙቀት ይጠመዘዛል። ሲቀዘቅዝ ክዳኗን ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይለቃታል። ክብ ቆብ ውስጥ ሆኖ ከካርቡሬተሩ ጎን ይታሰራል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቪቴ።

ሙቀቱን የሚያገኝበት መንገድ ሦስት ነው። አንዱ ኤሌክትሪክ ነው። ቆቡ ላይ አንዲት ሽቦ ትገባለች፣ ውስጡ ያለው ማሞቂያ ይግላል። ቮልስ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይዞት የመጣው ይህንን ነው። ሁለተኛው የራዲያተር ውሃ ነው። ከሞተሩ የሚመጣ ሙቅ ውሃ በቆቡ በኩል ያልፋል። ሦስተኛው የጭስ ማኒፎልዱ ሙቀት ነው፣ በቀጭን ቱቦ ትኩስ አየር ይመጣል። የእናንተ መኪና የትኛው እንደሆነ ቆቡን አይታችሁ እወቁ። ሽቦ ካለው ኤሌክትሪክ ነው። ሁለት የጎማ ቱቦ ካለው ውሃ ነው። ቀጭን የብረት ቱቦ ከማኒፎልዱ ከመጣ ትኩስ አየር ነው። ሽቦም ውሃም ያለው አለ፣ ግራ አይግባችሁ።

እንግዲህ ጠዋት ነው። መኪናው ሌሊቱን ቆሟል። ቁልፉን አትንኩት። ኮፈኑን ክፈቱ፣ የአየር ፊልትሮውን አንሱ፣ ክዳኗን እዩ። ክፍት ሆና ብታገኟት አትደንግጡ፣ ማታ ሞተሩ ሲጠፋ እንደነበረች ቀርታ ይሆናል። አሁን የቤንዚን ፔዳሉን አንድ ጊዜ እስከ ታች ረግጣችሁ ልቀቁ። ፔዳሉ ሲረገጥ ሚኒሞውን፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበትን ፍጥነት፣ የሚይዘው ጥርስ ይለቃል፣ ስፕሪንጉም ክዳኗን ይዘጋታል። አውቶማቲክ ቾክ ያለውን መኪና ከማስነሳት በፊት አንዴ መርገጥ ግዴታ የሆነውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚነግረው አላገኘም። ቾኩ ደህና ሆኖ ሳለ ሳይረግጥ ቁልፍ ያዞራል፣ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ያደክማል፣ ባትሪውን ይጨርሳል።

ረግጣችሁ ክዳኗ ካልተዘጋች በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጓት። እንደ ልቧ መዞር አለባት። ከያዛት ዘንጓ ላይ አቧራና የደረቀ ቤንዚን ተጋግሯል። የኛ መንገድ አቧራ ታውቁታላችሁ። በካርቡሬተር ማጠቢያ ስፕሬይ፣ እሱ ከሌለ በንጹህ ቤንዚን በብሩሽ እጠቡት። ዘይት አትቀቡ። ዛሬ ያለሰልሳል፣ ነገ አቧራ ሰብስቦ የባሰ ይይዛታል።

እዚህ ላይ አንድ ቦታ ቆም ብዬ ላሳያችሁ የምፈልገው ነገር አለ። የአየር ፊልትሮው ክዳን በአንዲት የጆሮ ዳዶ ይታሰራል። ሰው በጣቱ ማሰር ሲገባው በፒንሳ ያጠብቃታል። ሲጠብቅ የካርቡሬተሩ የላይኛው አካል ይጎብጣል። በዓይን አይታይም። ግን የክዳኗን ዘንግ ለመያዝ ይበቃል። ከዚያ ፊልትሮውን አንስተህ ስታይ ክዳኗ በነፃ ትዞራለች። መልሰህ ስታስር ትያዛለች። ብልሽቱ ስትፈልገው ይጠፋል፣ ስትዘጋው ይመጣል። በዚህ ምክንያት ካርቡሬተር ሲቀየር አይቻለሁ። ስለዚህ ዘንጉን ፊልትሮው ታስሮ እያለ ከውጭ ባለው ማያያዣ በኩል አንቀሳቅሳችሁ ፈትሹት። ዳዶዋን በጣት እሰሯት፣ ይበቃታል።

ክዳኗ በነፃ እየዞረች ካልተዘጋች ጉዳዩ ስፕሪንጉ ነው። ወይ ደክሟል፣ ወይ ተሰብሯል፣ ወይ ጫፉ ክዳኗን ከምታዞረው ማንሻ ጣት ላይ ወልቋል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ቆቡን ፈትቶ የመለሰ ሰው ጫፉን ሳያገባ ያስረዋል። ከውጭ ሲታይ ምንም የጎደለ አይመስልም። በእኩለ ቀን ኮምቦልቻ ላይ ግን ክዳኗ ሙሉ በሙሉ ባትዘጋ ብልሽት ነው አትበሉ። አየሩ ሞቃት ነው፣ መዝጋት አያስፈልጋትም።

ተዘግታለች እንበል። አሁን አስነሱ። ፊልትሮው ተነስቶ ሳለ ፊታችሁን ከካርቡሬተሩ በላይ አታድርጉ፣ እጃችሁንም አፉ ላይ አትክደኑ። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተነፍስ እሳት ይወጣል። ሲጋራ የያዘ ሰው ዞር ይበል።

ሞተሩ እንደተነሳ ክዳኗ ወዲያው ትንሽ መከፈት አለባት፣ ጥቂት ሚሊሜትር። ይህን የሚያደርገው ስፕሪንጉ አይደለም። ከጎኑ ያለች ዲያፍራም ናት፣ በሞተሩ ስበት የምትሠራ። ሞተር ለመነሳት የሚፈልገው ቅልቅል ተነስቶ ለመሥራት ከሚፈልገው የወፈረ ነው። ዲያፍራሟ ከተቀደደች ወይም ቱቦዋ ከተሰነጠቀ፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ታፍኖ ይጠፋል። እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ይህን ያየ ሰው ‹ቤንዚን ፓምፑ ነው› ይላል። ከዚያ በፊት ዲያፍራሟን ፈትሹ። ሞተሩን አጥፉ። በዲያፍራሟ በኩል ንጹህ ቱቦ ግጠሙና በአፍ ሳቡ። ዘንጓ ተስባ እዚያው መቆየት አለባት። ሳባችሁ አየሩ ዝም ብሎ ከመጣ ተቀዳለች። ቱቦው ከሆነ ደግሞ አብሽሩ፣ የቱቦ ቁራጭ ውድ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ሰዓት ያዙ። ብዙ መኪና ላይ ክዳኗ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እየተከፈተች ሄዳ ቀጥ ትላለች። በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ፈጠን ይላል፣ በውሃ የሚሞቀው ይዘገያል። አሥር ደቂቃ አልፎ ግማሽ ከቀረች ችግር አለ። ቀጥ ካለች በኋላም ሞተሩ እየጮኸ ከቀጠለ ፔዳሉን ነካ አድርጉ፣ ሚኒሞው መውረድ አለበት። ካልወረደ ፍጥነቱን የያዘው ባለ ጥርሱ አካል ቆሽሾ ተይዟል።

ኤሌክትሪክ ከሆነ ቴስተር አምጡ። ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ ሽቦዋ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልትና ከዚያ በላይ መኖር አለበት። ቁልፉ ሲጠፋ ምንም መኖር የለበትም። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ ቆቡ የማይሞቅ ከሆነ ወይ ማሞቂያው ተቃጥሏል፣ ወይ ኔጋቲቩ አልተገናኘም። አንዳንዱ ቆብ ከካርቡሬተሩ አካል ጋር በቀጥታ ካልተነካካ አይሠራም። መሃል ላይ ወረቀት ጋርኒሽን ያስገባ ሰው ሳያውቅ መስመሩን ቆርጦታል።

ሽቦዋን ከየት እንደሚወስዷት ተጠንቀቁ። በቀጥታ ከባትሪ የሚያገናኝ አለ። መኪናው ቆሞ ሲያድር ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ይግላል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ጠዋት ክዳኗ ክፍት ሆና ትገኛለች። ለካንዴላው እሳት ኃይል ከሚሰጠው ከቦቢና የሚወስድም አለ። ቮልስ ላይ ከቦቢናው 15 ቁጥር ከተጻፈበት ጫፍ መውሰዱ የፋብሪካው አሠራር ነው፣ ልክ ነው። ከቦቢናው በፊት ሬዚስታንስ ያለበት መኪና ላይ ግን ቦቢናው ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ ያነሰ ነው። ቾኩ አይሞቅም፣ የካንዴላውም እሳት ይደክማል። በአንድ ሽቦ ሁለት ብልሽት ማለት ነው። ሌላም አለ። ቁልፍ ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ሬዲዮ የምታዳምጡ ሰዎች አላችሁ። ቁልፉ ቾኩን የሚያበራበት ቦታ ላይ ከሆነ ማሞቂያው እየሠራ ነው። ሞተሩ በረዶ ሆኖ ቾኩ ይከፈታል። ከዚያ አስነሳለሁ ስትሉ ይለግማል።

ውሃ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቴርሞስታት ነው፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ስለምትይዘው ዕቃ። እኛ ዘንድ ሞተር ከመጠን በላይ በሞቀ ቁጥር ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ልማድ ሆኗል። ‹ለአገራችን አያስፈልግም› ይባላል። በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጉዳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ደሴ ብርድ ላይ ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ውሃው ካልሞቀ ቾኩ አይከፈትም። ሐረጎን በማርሽ ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ሥራ ስለሌለው መልሶ ይቀዘቅዛል። መኪናው ቾኩ ግማሽ እንደተዘጋ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ባለቤቱ ቤንዚን በላብኝ ብሎ ካርቡሬተር ያሳጥባል። ጥፋቱ ያለው ከዓመት በፊት የተጣለችው ትንሽ ዕቃ ላይ ነው። ሞተሩ ከመጠን በላይ የሚሞቅ ከሆነ ራዲያተሩን አሳጥቡ፣ የውሃ ፓምፑን እዩ፣ ቴርሞስታቱን በአዲስ ተኩ። የውሃውን መጠንም ተመልከቱ። ውሃ ከጎደለ ወይም መስመሩ ውስጥ አየር ከታሰረ ወደ ቾኩ ሙቀት አይደርስም።

የትኩስ አየሩን አጭር ላድርገው። ቱቦው ዝጎ ይበሳል ወይም ይደፈናል። ከተበሳ የማኒፎልዱ ጭስ ወደ ቆቡ ይገባና ስፕሪንጉን ጥላሸት ያደርገዋል። ቆቡን ስትከፍቱ ውስጡ ጥቁር ከሆነ ቱቦውን ቀይሩ። ስፕሪንጉን ብቻ ብታጸዱ መልሶ ይጠቁራል።

አሁን ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ፣ ቾኩ ደህና ቢሆንም፣ ቅልቅሉ ወፍራም ይሆንበታል። ትንሽ ጥቁር ጭስ፣ ጠቆር ያለ ካንዴላ፣ ዳገት ላይ መድከም። ይህን ከቾክ እንዴት እንለየው? ቀላል ነው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ እየሠራ ክዳኗን እዩ። ቀጥ ብላ ቆማ ጭሱ ካለ፣ ቾኩን ተዉት። ወደ ካርቡሬተሩ ማስተካከያ፣ በካርቡሬተሩ የቤንዚን ገንዳ ውስጥ ወዳለችው ተንሳፋፊ፣ ወደ ቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ሂዱ። ክዳኗ ዘመም ብላ ከሆነ ደግሞ ከጎን ባለው ማያያዣ ቀጥ አድርጓት። ሞተሩ ወዲያው ከተስተካከለ ጥፋተኛው ተገኘ።

በተቃራኒውም ይሠራል። ጠዋት ሞተሩ እየተንገጫገጨ ሊጠፋ ሲል ማያያዣዋን ትንሽ ወደ መዝጊያው ግፉ። ከተስተካከለ ቾክ ፈልጎ ነበር። ምንም ካልተለወጠ ባትሪውን፣ ካንዴላውን፣ ፑንቲናውን ጠይቁ።

የቆቡ ማስተካከያ መጨረሻ የሚነካ ነው። ከላይ ያልኩት ሁሉ ተፈትሾ ካለቀ በኋላ ማለቴ ነው። ቆቡ ጠርዝ ላይ ጭረት አለች፣ አካሉ ላይም ምልክቶች አሉ። መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ጫር አድርጋችሁ ምልክት ያዙ። ሦስቱን ቪቴዎች አላሉ፣ አታውልቁ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ክዳኗ ልትዘጋ ለጥቂት እስክትል፣ ወይም ቀለል ብላ እስክትዘጋ ቆቡን አዙሩ። እሰሩ። በሚቀጥለው ጠዋት ፈትኑት። ካስፈለገ አንዲት ምልክት ያህል ብቻ ጨምሩ ወይም ቀንሱ። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ የሚያዞር ሰው ምን እንደለወጠ ራሱም አያውቅም፣ ምክንያቱም ሞተሩ ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ ቀዝቃዛ አይደለም።

ቾኩ ተዘግቶ የቀረ መኪና የሚያመጣውን ጉዳት አቅልላችሁ አትዩት። የቤንዚኑ ወጪ አንድ ነገር ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ግን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ወርዶም ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የዘይት መለኪያዋን አውጥታችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ቾኩን ሠርታችሁ ዘይቱንም ቀይሩ። አለዚያ ፋሻ የሚባለው የፒስተን ቀለበትና ፒስተኑ ነው የሚበላው። ደግሞም በብርድ ጊዜ በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታሙቁ። በተለይ ቾኩ የተዘጋ ሞተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛበታል። ጋዙ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ሞተሩ ቤንዚን ጠጥቶ ከታፈነ ደግሞ ፔዳሉን ደጋግማችሁ አትርገጡ። አንዴ እስከ ታች ረግጣችሁ ያዙ፣ እንደያዛችሁ ቁልፉን አዙሩ። እስከ ታች ሲረገጥ ክዳኗን በግድ የሚከፍት ማንሻ አለ። አየር ይገባል፣ የተረፈው ቤንዚን ይወጣል። ሲነሳ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ።

በመጨረሻ ከእናንተ የመጣ ጥያቄ ነበር። ‹ይህን ሁሉ ከምንደክም ክዳኗን ክፍት አድርገን በሽቦ ብናስራትስ? ወይ የሚጎተት ቾክ ብንገጥምስ?› ተብሏል። በሽቦ ማሰሩን አልደግፍም። ባቲ የሚኖር ሰው ምናልባት ሳይጎዳ ይኖራል። ደሴና ኩታበር የሚያድር መኪና ግን ጠዋት ጠዋት በፔዳል ርግጫ ነው የሚነሳው። በየጠዋቱ ሞተሪኖና ባትሪ ያልቃል። የሚጎተት ቾክ መግጠም ግን ደህና መፍትሔ ነው፣ በተለይ የመኪናው ቆብና ስፕሪንግ ገበያ ላይ ከጠፋ። ኬብሉ ሳይጎብጥ ይዘርጋ፣ ሲገፋ ክዳኗ ሙሉ በሙሉ ቀጥ ማለቷ ይረጋገጥ። መኪናውን ለሌላ ሹፌር ስትሰጡም ንገሩት። እጀታውን ሳይመልስ ሐረጎን የሚወጣ ሹፌር ብዙ ቤንዚን በከንቱ ያቃጥላል።

ቾካችሁ ሊፈታ ጋራዥ ከሄደ ደግሞ መኪናውን ማታ አስረክቡ፣ እዚያው ይደር። መካኒኩ ጠዋት ራሱ ያስነሳው። ጋራዡ አላሳድርም ካለ፣ ጠዋት ክዳኗ ስትዘጋና ስትከፈት በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀች ይታይ፣ እሱን አሳዩት።